የራስ ቃል በራስ አንደበት፦ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ልሳን ከአዲስ አበባ እስከ ግሸን

ግሸን ደብረ ከርቤ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በአምባሰል ምድር የቆመ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ በር ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ከሕዝብ ተለይተው የሚጠበቁት እዚህ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገሩ ሲያልፍ ስለ ተራራው የሰማውን ጽፎ ትቶልናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን በዚሁ አምባ እንዳኖሩ ደግሞ በስፍራው የሚጠበቀው መጽሐፈ ጤፉት ይተርካል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከአዲስ አበባ የሚጎርፈው ተሳላሚ አምባውን ይሞላዋል። ስለቱን ሊያደርስ የመጣ አለ፤ ንስሐ ሊገባ የመጣ አለ፤ ሐኪም ያልፈታለትን ደዌ ይዞ የመጣም አለ።

ኤችአይቪ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ባሉት አርባ ዓመታት፣ በደማቸው ቫይረሱ የሚገኝ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ እንዲህ ያሉ ቅዱሳት ስፍራዎችና ወደ ጸበል ቦታዎች ተጉዘዋል። የታሪክ ተማሪ ስለነዚህ ተጓዦች ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በየመንገዱ ስለ ሕመማቸው የሰሙት ቃል የማን ነበር? እነርሱ ራሳቸው፣ ስለ ራሳቸው፣ በይፋ መናገር የጀመሩትስ መቼና በምን ነው? ይህ ጽሑፍ ያንን ቃል ከመነሻው ይከተላል። ለወሎ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ በሽታው በኢትዮጵያ ምድር ጎልቶ ከታየባቸው ከተሞች ግንባር ቀደሟ ደሴ ነበረችና።

በኢትዮጵያ የኤችአይቪ መኖር የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ተወስዶ በተቀመጠ የደም ናሙና ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በሐኪም ቤት የተመዘገቡት በ1986 ነው። 1984 በወሎ ሰው ዘንድ በሌላ ስም የሚታወስ ዓመት ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓመት። ኮረምና ባቲ በረኀብተኛ ተጥለቅልቀው፣ የዓለም ካሜራ ሁሉ በወሎ ሜዳዎች ላይ ተተክሎ ሳለ፣ ሌላው መቅሠፍት ማንም ሳያየው በዚያው ዘመን ገባ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1988 (እ.ኤ.አ.)፣ ዶ/ር ደብረወርቅ ዘውዴ የነበሩበት የተመራማሪዎች ቡድን በ23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ከ6,000 በላይ ሴቶችን መረመረ። በአጠቃላይ ከ100 ሴቶች 17ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከፍተኛው ቁጥር የደሴ ነበር፤ ከ100 ወደ 38።

ይህ የደሴ ሴቶች ኃጢአት ማስረጃ ተደርጎ ሲወራ የኖረ ቁጥር ነው፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከአሰብ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣው ጭነት የሚያልፍባቸው፣ የከባድ መኪና ሹፌር የሚያድርባቸው፣ ወደ ሰሜኑ ጦርነት የሚወጣ ሠራዊት የሚሰፍርባቸው ከተሞች ነበሩ። ድርቁ ከገጠር ያፈናቀላቸው ልጃገረዶች እንጀራ ፍለጋ የገቡትም ወደነዚህ ከተሞች ነው። በሽታው መንገድ ተከትሎ መጣ፤ በመንገዱ ዳር የነበሩት ድኾች ቀድመው ተቀበሉት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ሠራዊት ወደየመንደሩ ሲመለስ ደግሞ መንገዱ እስከ ገጠር ቀበሌው ድረስ ተዘረጋ።

የመጀመሪያው ቃል የመንግሥትና የሐኪም ቤት ቃል ነበር። ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ1985 ተቋቋመ፤ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ራሱን የቻለ ክፍል በ1987 ተከፈተ። በዚያ ዘመን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያየ ሰው አይረሳውም። ራስ ቅል፣ አፅም፣ የከሳ ገላ፣ መቃብር። የሥዕሉ ዓላማ ጤነኛውን ማስፈራራት ነበር፤ ሕመምተኛው ሥዕሉን ሲያይ ምን እንደሚሰማው አልታሰበበትም። ለሠሪዎቹ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ የሚሰጡት መድኃኒት አልነበራቸውም፤ የቀረላቸው መሣሪያ ፍርሃት ብቻ መሰላቸው። ውጤቱ ግን ከበሽታው ባልተናነሰ ገደለ። ሰው በሽታውን ከመፍራት ይልቅ በሽተኛውን ፈራ። አከራይ ተከራዩን አስወጣ፤ ሚስት በባሏ ለቅሶ ላይ እንደ ገዳይ ታየች፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ተነጠሉ። የሟች ቤተሰብ ለለቀስተኛው የሳንባ በሽታ ነው፣ ወባ ነው፣ መድኃኒት የተደረገበት ነው እያለ ቀበረ።

ነውሩ ድንበር ተሻግሮም ተከተለን። በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ የእስራኤል ጋዜጣ፣ የአገሪቱ የደም ባንክ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች የለገሱትን ደም በኤችአይቪ ፍርሃት፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ፣ ሲደፋው እንደኖረ አጋለጠ። በዚያው ወር ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ። ለወገኖቻቸው ደማቸውን የሰጡ ሰዎች በደማቸው ተናቁ። ይህን ያስታወስኩት ኅትመት ምን ማድረግ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው፤ በር ተዘግቶ የተሠራው ግፍ አደባባይ የወጣው በጋዜጣ ገጽ ነው።

በሌሎች አገሮች ሕሙማኑ ብዕሩን ቀደም ብለው ጨብጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተሰበሰቡ ጥቂት ሕሙማን «የኤድስ ሰለባ» ተብለው መጠራትን እንደማይቀበሉና ስለነርሱ በሚወሰነው ሁሉ መቀመጫ እንደሚሹ የሚገልጽ መግለጫ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኒውዮርክ የሕሙማኑ ኅብረት «ኒውስላይን» የተባለ የራሱን መጽሔት ማተም ጀመረ፤ ገጾቹን የሚሞሉት ራሳቸው ታማሚዎቹ ነበሩ፤ ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች፣ ስለ መብት፣ ስለ ሞት ያለ አማላጅ ይጽፉ ነበር። በቅርባችን በኡጋንዳ ኖሪን ካሌባ ባለቤቷን በኤድስ ካጣች በኋላ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆና በ1987 ታሶ የተባለውን የድጋፍ ማኅበር መሠረተች፤ ዝነኛው ድምፃዊ ፊሊ ሉታያ በ1989 ቫይረሱ እንዳለበት በይፋ ተናግሮ እስኪሞት ድረስ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ መሰከረ። በ1994 በፓሪስ የተሰበሰቡ 42 መንግሥታት ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በየደረጃው ተሳታፊ እንዲሆኑ ቃል ገቡ።

እኛ ዘንድ ይህ ዘግይቶ መጣ፤ ለመዘግየቱም ምክንያት ነበረው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በደርግ ሳንሱር ሥር አንድ ማኅበር የራሱን ቅጠል ወረቀት እንኳ በነጻነት አትሞ ማሠራጨት አይታሰብም ነበር። የሃይማኖት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1989 በኅብረት የመሠረቱት፣ በምሕጻሩ ኦሳ የሚባለው ለኤድስ ማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ለሕሙማንና ለወላጅ አልባ ልጆች ቀድሞ የደረሰ ነው፤ ይሁንና እርሱም የሚናገረው ስለ ሕሙማኑ ነበር። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 34፣ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር መጽሔትና ጋዜጣ እንደ አሸን ፈላ። በሩ ተከፈተ። ግን በሩ ላይ የሚቆም ሰው ገና አልተገኘም፤ ፊቱን አሳይቶ «እኔ ነኝ» ማለት ሥራን፣ ቤትን፣ ትዳርን፣ አንዳንዴም ሕይወትን የሚያሳጣ ነበርና።

የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ነው። መቅድም ኢትዮጵያ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝና ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ ወጣቶች በ1997 የመሠረቱት ማኅበር ነው። በቀጣዩ ዓመት ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ተመሠረተ፤ ቆይቶም ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፎች ከፈተ። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 1990 ዓ.ም.፣ መንግሥት የመጀመሪያውን ብሔራዊ የኤችአይቪ ፖሊሲ አወጣ። ፖሊሲው ስለ ሕሙማን መብት የደነገገውን ሁሉ የሠራው ግን ወረቀቱ ብቻውን አይደለም። እነዚህ ማኅበራት በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በፋብሪካ ግቢ፣ በሠራዊት ካምፕ፣ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት አባሎቻቸውን እያቆሙ አናገሩ። በራሪ ወረቀት በተኑ። ጋዜጠኛ ጠርተው ታሪካቸውን አስጻፉ። ዛሬ እንደ ተራ የሚታየው «ቫይረሱ በደሜ ይገኛል፤ እየሠራሁ እኖራለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያን ጊዜ አዳራሽን ጸጥ ያሰኝ ነበር።

እነዚህ የመጀመሪያ መስካሪዎች ስለ ከፈሉት ዋጋ በቂ አልተጻፈም። መድኃኒት አልነበረም፤ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል። ኡጋንዳዊው ሉታያ እንዳደረገው እነርሱም የሚናገሩት እየሞቱ ነበር። ዛሬ መድረክ ላይ ቆሞ ሌላውን ያጽናና በጥቂት ወራት ውስጥ በማኅበሩ ጓደኞች ትከሻ ወደ መቃብር ይሸኝ ነበር፤ ቦታውንም ሌላው ይተካ ነበር። ከመካከላቸው ብዙ ሴቶች ነበሩ። በእርግዝና ክትትል ወይም በሕፃን ልጃቸው ሞት ምክንያት ውጤታቸውን ያወቁ፣ ባሎቻቸው አስቀድመው የሞቱባቸው፣ የሚያጡት ብዙ ያልቀራቸው እናቶች። ሥዕሉ ላይ የነበረውን አፅም ከሕዝቡ ዐይን ያነሡት እነርሱ ናቸው፤ በቦታው ልጅ ያዘለች፣ ጉሊት የምትነግድ፣ የምትስቅ ሴት አኖሩ። ከጥናት ወረቀትና ከአዋጅ ይልቅ የሰው አመለካከት መለወጥ የጀመረው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤድስ ምክር ቤት በፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ ሰብሳቢነት ተቋቋመ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 276 የኤችአይቪ ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ሕጋዊ ቁመና አገኘ። ገንዘብ ከዓለም ባንክ፣ ቀጥሎ ከግሎባል ፈንድና ከአሜሪካ መንግሥት መጣ። የኅትመቱ ብዛት ያን ጊዜ ነው የጨመረው። ብዙ ድምፃውያን በኅብረት የሠሩት «ማለባበስ ይቅር» የተሰኘው ዘፈን በየሻይ ቤቱ የሚሰማ ሆነ።

አሁን ከአዲስ አበባ ወጥተን ወደ አምባሰልና ሐይቅ እንመለስ፤ ምክንያቱም አንድ መጽሔት በመዲናይቱ ስለ ታተመ ብቻ ውጫሌ ገበያ ደረሰ ማለት አይደለም። በወሎ ገጠር በዚያ ዘመን ከእናቶች አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። የወሎ ሰው ቃል የሚቀበለው በጆሮው ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ የአምባሰልን ስም፣ ሌላው የባቲን ስም መያዙ ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ የማኅበረሰቡ ኅትመት ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ መልሱ በወረቀት ላይ ያለው ብቻ ሊሆን አይችልም። የትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ የግድግዳ ጋዜጣና ጠዋት በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚነበበው የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ነበር። ከክበቡ የተመለሰች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ለእናቷ የምታነበው በራሪ ወረቀት ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅሬው ነበር። በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን አንድ ላይ ይቀብራል፤ ዳኛው የሚናገረው ቃል በሰፈሩ ከየትኛውም ጋዜጣ ይሰማል። ቅሬ የኤድስ ሟችን እንደ ማንኛውም አባል ሲቀብር፣ የሟቹን ሚስት እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ሲያስተዛዝን፣ ያ ራሱ ለመንደሩ የተነበበ መግለጫ ነበር። በሌላው የአገሪቱ ክፍልም ተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል። በደቡብ ኬኤምጂ የተባለው ድርጅት መሥራች ቦጋለች ገብሬ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአላባ ያስጀመረችው የማኅበረሰብ ውይይት፣ ሰዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ በሽታውና ስለ ልማዳቸው በራሳቸው አፍ እንዲመክሩ ያደረገ፣ ኋላም በመንግሥት ደረጃ የተስፋፋ ዘዴ ነው።

ወረቀትንና ድምፅን ያገናኘው ሬዲዮ ነው። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ የፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ሥራ ነበር፤ አድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤዎቹ በራሳቸው ትልቅ ሰነድ ናቸው፤ ገጠር ያለ ሰው በሰባራ እስክርቢቶ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የልቡን የጻፈበት። ሆኖም ድራማ ልቦለድ ነው። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ «ቤተኛ» ጀመረ። ቤተኛ የሬዲዮ ማስታወሻ ነበር። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ እውነተኛ ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በገዛ ድምፃቸው እየቀረጹ፣ በየሳምንቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለአድማጭ ያሰሙ ነበር። ተዋናይ የለም፤ የተጻፈ ንግግር የለም። ውጤቱን ለእጮኛው እንዴት እንደሚነግር የሚጨነቅ ወጣት፣ መድኃኒቱን ለመዋጥ ሰዓት የምትቆጥር እናት፣ ልጅ ለመውለድ የሚመክሩ ባልና ሚስት። አድማጩ በየሳምንቱ ሲከታተላቸው ስማቸውን እንደ ጎረቤት ስም ያውቀዋል። የሚጠይቀው ነገር ካለ ደግሞ በ952 ወደ ወገን ነጻ የስልክ መስመር መደወል ይችል ነበር። ኤችአይቪን በተመለከተ በአገራችን ከተሠሩት የብዙኃን መገናኛ ሥራዎች ሁሉ ቤተኛ የላቀው ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የታማሚው ድምፅ በሌላ ሰው ትርጓሜ አልተሸፈነም።

ቤተኛ በተጀመረበት ዘመን ሌላ ታላቅ ነገር ሆኗል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በክፍያ ተጀምሮ ነበር፤ ክፍያው ግን ከድኻው አቅም በላይ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ጀመረ። ደሴ ሆስፒታልና በኋላም ከተማዋ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለአካባቢው ሕሙማን መድኃኒቱን ሰጡ። ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ የተቆረቆረ ነው፤ በደዌው ምክንያት ከሰው የተለየ ሰው ምን እንደሚሆን ያ ግቢ ከኤችአይቪ በፊት ያውቅ ነበር።

መድኃኒቱ ሲመጣ ጥያቄው ወደ ጸበሉ ዞረ። በእንጦጦ፣ በጻድቃኔና በሌሎችም ስፍራዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ለወራት እየሰነበቱ ይጠመቁ ነበር። አንዳንድ አጥማቂዎች መድኃኒቱን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው እያሉ ክኒኑን ያስጥሉ ነበር። ይህ ለሕይወት አደገኛ ነው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በየዕለቱ ሳይቋረጥ ሲወሰድ የቫይረሱን መራባት ይገታል፤ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ አንዳንዴም መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል። ታማሚው ከሁለት ወገን ተይዞ ነበር። ሐኪሙ ጸበሉን እንደ ኋላ ቀርነት ሲያይበት ያፍራል፤ አጥማቂው መድኃኒቱን ሲነቅፍበት ይፈራል። ጸበልተኛውን በመናቅ ክኒን የማስዋጥ ጥረት ብዙ ሰው ከሐኪም ቤት አሸሽቷል፤ ይህ የጤና ሥራችን ትልቅ ስህተት ነበር።

የእርቁ ቃል ከቤተ ክርስቲያን ራስ መጣ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ አስተማሩ። ትምህርቱ አዲስ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብርና መድኃኒትን ከምድር ስለ ፈጠረው አምላክ ያስተምራል። አዲሱ ነገር ይህ በአደባባይ፣ ለጸበልተኛው፣ በአባት አንደበት መነገሩ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ካህናትን እያሠለጠነ ቃሉን ወደ አጥቢያዎች አወረደው። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን በጸበል የሚውጥ ሰው ማየት የተለመደ ሆነ። ሐይቅና አምባሰል እንደሚታወቀው ሙስሊሙም የበዛበት አገር ነው፤ በመስጊድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኢማሙ ስለ ምርመራና ስለ ሕሙማን የሚናገረው ቃል ለዚያ ሕዝብ የፓትርያርኩን ቃል ያህል ክብደት አለው። በወሎ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ኅትመት በዓይነቱ የተለየ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የየክልሉን ማኅበራት ያቀፈው ኔፕ ፕላስ የተባለው የማኅበራት ጥምረት ተቋቋመ። ጥምረቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ የማግለልና የመድልዎ መጠን ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። የጥናቱ ዘዴ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀረጸ ነው፤ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች መሆናቸው ከሌላ ጥናት ይለየዋል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደማቸው ተወስዶ ቁጥር የሆኑት ሴቶች ምን እንደሚሰማቸው ማንም አልጠየቃቸውም። ከሃያ ዓመት በኋላ እህቶቻቸው መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ፤ ሐሜቱን፣ ከሥራ መባረሩን፣ ከእድር መገለሉን፣ የራስ ኅሊና ወቀሳውን ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው አሳተሙ። ያን መጽሐፍ የመስካሪዎቹ ዘመን ትልቁ ፍሬ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ቁጥሮቹ ቀነሱ። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ሕዝብ ውስጥ የኤችአይቪ ስርጭት 1.4 በመቶ፣ በአማራ ክልል 1.7 በመቶ መሆኑን አሳየ፤ በከተማ 5.5፣ በገጠር ግን 0.7 ነበር። በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ ቁጥር ወደ 0.9፣ የአማራ ክልል ወደ 1.2 ወረደ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው እንደማያስተላልፍ ሳይንስ አረጋገጠ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን በዚሁ መጠን ድምፁም ቀነሰ። ክበቦቹ ፈረሱ፤ ሬዲዮው ሌላ ርዕስ ያዘ። ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት ስለ ኤችአይቪ የሚሰማው ወላጆቹ በዕድሜው ሳሉ ከሰሙት ያነሰ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስም በእጃቸው ቆዩ። ደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ በደቡብና በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ወደሙ። መድኃኒት በየወሩ የሚቀበል ሰው የሚቀበልበት አጣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በኤችአይቪ አገልግሎት ላይ የነበሩ ናቸው። የማኅበራቱ ኅትመት አብዛኛው በዕርዳታ የተሠራ ነበር፤ ዕርዳታው ሲደርቅ ቀድሞ የሚቆመው እርሱ ነው። መድኃኒት እስካለ ድረስ ቃሉ ቢቀር ምን ጉዳት አለው የሚሉ አሉ። ጉዳቱን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሳይተውናል፤ ታማሚው ሲሸሸግ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቢሆንም አይገባም።

ስለዚህ ለአንባቢ አንድ ጥያቄ አለኝ። የመስካሪዎቹ ዘመን ወረቀት አሁንም በሰዎች እጅ አለ። በቀድሞ የማኅበር አባላት ሣጥን፣ በጡረታ በወጡ መምህራን መደርደሪያ፣ በፈረሱ ክበባት ቁም ሣጥን ውስጥ በራሪ ወረቀቶች፣ የግድግዳ ጋዜጣዎች፣ ካሴቶች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ ፎቶግራፎች ይገኛሉ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ሰነድ ሊቀበልና ሊጠብቅ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ኃላፊነት የተሰጠው ተቋም ነው። ለደቡብ ወሎ ሰው ቅርቡ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት፤ የሰው ስም ያለበት ከሆነ የባለቤቱን ወይም የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቁ፤ ቀኑንና ቦታውን በጀርባው ጻፉበት፤ ከዚያም ለነዚህ ተቋማት አስረክቡ። ከመስካሪዎቹ በሕይወት ያሉትም ገና ሳይዘገይ ይጠየቁ፤ የሚናገሩትም በገዛ ድምፃቸው ይቀረጽ።